ወደ ሐረር በድርቆሽ ስንቅ

የ1445 ዓመተ ሂጅራ ረመዷን አልፎ የሸዋል ስድስቱ ጾም ሲጀመር፣ ሐረር የሚኖሩት አክስታችን ስልክ ደውለው «ዘንድሮ ሸዋል ዒድን ከእኔ ጋር ነው የምታሳልፉት፤ ምክንያት አልሰማም» አሉን። ግብዣው ደስ አሰኘን፤ ወዲያው ደግሞ አስጨነቀን። ደስ ያሰኘን ልጆቻችን ሐረርን አይተው ስለማያውቁ ነው። ያስጨነቀን ደግሞ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጃችን ጉዳይ ነው። እሷ ስንዴም ገብስም አትበላም። ጠልታቸው ሳይሆን ሰውነቷ ስለማይቀበላቸው ነው። በእንግድነት ሄዶ ከቀረበ ማዕድ ፊት «ይህን አልበላም» ማለት በአገራችን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለአንባቢያን መንገር አያሻም።

በሽታው ሴሊያክ ይባላል። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ግሉተን የተሰኘ ፕሮቲን አለ። ሊጡን የሚያያይዘውና ዳቦውን የሚያስነሣው እሱ ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ በትንሹ አንጀቱ ላይ ይነሣበታል። ከምግብ ውስጥ ጠቃሚውን የሚመጥጡት ጥቃቅን ጸጉር መሰል ክፍሎችም ይጎዳሉ። ሰውየው ይበላል፤ የበላው ግን አይጠቅመውም።

ልጃችን ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዷ ሲነፋ፣ ሰውነቷ ሲመነምን፣ ደሟ ሲያንስ እያየን ከሐኪም ሐኪም ተንከራተትን። «ጃርዲያ ነው» ተብሎ ታከመች። «የሆድ ትል ነው» ተብሎም ታከመች። «የሰው ዓይን ነው» ያሉን ጎረቤቶችም አልጠፉም። በመጨረሻ አንድ ሐኪም የደም ምርመራ አዘዙላት፤ ቀጥሎም በጉሮሮ በሚገባ መሣሪያ ከአንጀቷ ናሙና ተወስዶ ነገሩ ታወቀ። ለዚህ በሽታ እስከ ዛሬ ኪኒንም መርፌም አልተገኘለትም። ሕክምናው ዕድሜ ልክ ግሉተንን መተው ብቻ ነው። እሱን በትክክል ከያዘች ግን፣ በአላህ ፈቃድ፣ አንጀቷ ይድናል፤ እንደ እኩዮቿም ታድጋለች። አልሐምዱሊላህ፣ ምግቧ ከተለወጠ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የትምህርት ቤት ልብሷ ሁለት ጊዜ አጥሮባታል።

ይህ በሽታ «የፈረንጅ በሽታ» ሲባል ሰምተናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ እንዳለበት ይገመታል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም። በ1999 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በታተመ ጥናት፣ በሰሐራ በረሃ የሚኖሩት ሙስሊም ወገኖቻችን የሳህራዊ ሕዝብ ልጆች ሲመረመሩ ከመቶው ከአምስት በላይ የሚሆኑት ተገኝቶባቸዋል። የበሽታውን ምክንያት ለይቶ ያሳወቀው ቪለም ዲከ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት በሆላንድ ረሀብ ገብቶ ዳቦ ሲጠፋ፣ ሌላው ሕዝብ ሲከሳ በዚህ በሽታ የታመሙት ልጆች ተሻላቸው። ቀድሞም ስንዴን ሲጠረጥር የነበረው ይህ ሐኪም ጥናቱን በ1950 አቀረበ። በ2005 ደግሞ የዚያው አገር ተመራማሪዎች ጤፋችን ለሴሊያክ ሕሙማን ጎጂ የሆነው ግሉተን እንደሌለበት በሕክምና መጽሔት አሳወቁ። አላህ (ሱ.ወ.) በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም አብሮ እንደሚያወርድ የተማርን ሰዎች ነን። ለእኛ ልጅ መድኃኒቷ በገዛ ጓዳችን ውስጥ መገኘቱን ስናስብ ምስጋናችን እጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ ስንቃችንን አሰናዳን። ወላጆቻችን ለረጅም መንገድ ድርቆሽ ይይዙ እንደነበር ትዝ አለን። በቤታችን ምጣድ የተጋገረውን የጤፍ እንጀራ በፀሐይ አድርቀን በንጹሕ ከረጢት ሞላን። የተቀቀለ እንቁላል፣ ተምር፣ ሙዝና የሽምብራ ቆሎ ጨመርንበት። በየመናኸሪያው የሚሸጠው ቆሎ ገብስ ስላለበት ቆሎውን የቆላነው ራሳችን ነን።

ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዳማንና መተሐራን አልፈን፣ የአዋሽን ገደል ተሻግረን፣ የሚኤሶን ሙቀት ታግሠን ወደ ጭሮ ተራራ ስንወጣ ቀኑ መሸ። ልጆቹ ትኩስ ምግብ አማራቸው። አንድ ምግብ ቤት ገብተን «እንጀራው የጤፍ ነው ወይ?» ብለን ጠየቅን። አስተናጋጁ «ወላሂ ንጹሕ ጤፍ ነው» አለን። በጥብስ በላን።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ልጃችን ሆዷን ይዛ ተነሣች፤ እስኪነጋም ስታስመልስ አደረች። በአልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠን «ምነው በድርቆሻችን በጸናን ኖሮ» አልን። ከማስመለሱ ይልቅ ያስጨነቀን የተናገረችው ነው፤ «እኔን እቤት ትታችሁኝ ብትሄዱ ኖሮ ደህና ትደርሱ ነበር» አለችን።

ጠዋት ወደ ምግብ ቤቱ ተመለስን። አስተናጋጁን ሳይሆን እንጀራ ጋጋሪዋን አነጋገርን። እሷም ሳትደብቅ «ጤፍ ስለተወደደ ግማሹ ገብስ ነው። እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለችን። ልጁ ሊያታልለን ብሎ እንዳልማለ ያን ጊዜ ገባን። ለእሱ ነጭ እንጀራ ሁሉ ጤፍ ነው። ጥፋቱ በእኛም ላይ ነበር፤ ጥያቄያችን የተሳሳተ፣ የተጠየቀውም ሰው ሌላ ነበርና። ከዚያ ወዲህ «ጤፍ ነው ወይ?» ማለትን ትተን ያቦካችውን ሴት ራሷን «ምን ምን ተቀላቅሎበታል?» ብለን እንጠይቃለን።

ሂርናንና ቁልቢን አልፈን፣ ከዓመታት በፊት ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ዳግም ውኃ ይዞ እያየን ሐረር ገባን። በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን እንደተገነባ የሚነገርለት የጀጎል ግንብ አምስቱን ጥንታዊ በሮች ይዞ እንደቆመ ነው። በውስጡ 82 መስጊዶች አሉ። ዩኔስኮ በ2006 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ ከተማ ጠባብ መንገዶቹ በሰው ተሞልተው ነበር። ሸዋል ዒድም ራሱ በዲሴምበር 2023 በዚሁ ድርጅት መዝገብ ላይ ሰፍሮ ስለነበር የዚያ ዓመት በዓል ልዩ ድምቀት ነበረው። በመኪና ግርግር ሰፊዎቹ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ለበዓሉ ልብስ ይሰፋሉ። ከየቤቱ የሚወጣው የምግብ ሽታ መንገደኛውን ይጠራል። ልጃችን ግን ሳንቡሳ የሚጠበስበትን ብረት ድስት እያየች ትራመድ ነበር፤ ድንቹም በዚያው ዘይት ሲጠበስ አይታ ፊቷን አዞረች።

ከአክስታችን ቤት ስንገባ ነደባው ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ግድግዳው በሞሶብ አሸብርቆ፣ ማዕዱ ተዘርግቶ ጠበቀን። ሥጋ ያለበት ሩዝ፣ ሑልበት መረቅ፣ ሳንቡሳ፣ የስንዴ ዳቦ፣ ሐለዋና ትኩስ ሆጃ ቀርቧል። ጉዳዩን አስቀድመን በስልክ ብንነግራቸው ኖሮ ይሻል ነበር። «ማስቸገር ይሆናል» ብለን አፍረን ዝም ማለታችን ሁለተኛው ስሕተታችን ሆነ።

አክስታችን ቢስሚላህ ብለው ከዳቦው ቆርሰው፣ በመረቁ አጥቅሰው፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለልጃችን ዘረጉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ልንናገርላት ስንል እሷ ቀደመችን።

«አክስቴ፣ ምግብዎን ጠልቼ አይደለም። ስንዴ አንጀቴን ያቆስለዋል። ትንሽ ፍርፋሪ እንኳ ያመኛል። ሐኪም ነው የከለከለኝ» አለች።

እጃቸው በአየር ላይ እንደቆየ «እስከ መቼ ድረስ?» ብለው ጠየቁ።

«ሁልጊዜ» አለቻቸው።

አክስታችን ያችን ጉርሻ ለወንድሟ ሰጡ። ተነሥተው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ወደ ጓዳ ገብተው ማንም ካልነካው ድስት ሩዝና ሥጋ በንጹሕ ሳሕን ይዘው ተመለሱና «ይኸኛውስ?» አሉ። በሩዙ ውስጥ ምን ምን እንደገባ አንድ በአንድ ጠየቅናቸው፤ አንድ በአንድ መለሱልን። ከዚያም ልጃችንን አጎረሷት። ከታመመች ወዲህ ከእናቷ እጅ በስተቀር ከማንም ጎርሳ አታውቅም ነበር። የሐለዋው ስታርች ከምን እህል እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው በቤቱ ስላልነበር እሱን ተወችው፤ ማንም አልተቀየማትም።

ከቡና በኋላ አንድ ሸምገል ያሉ እንግዳ «ተልቢና የገብስ ነው። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቤተሰብም የገብስ ዳቦ ይመገብ ነበር። ሱና የሆነ ምግብ እንዴት ሰውን ይጎዳል?» ሲሉ ጠየቁ። ይህ ጥያቄ የእኛም ነበር። የመጀመሪያው ረመዷን ላይ ጎረቤት ሁሉ በአጃና በገብስ ሾርባ ሲያፈጥር ለልጃችን ብቻ የምስር ሾርባ ስንቀዳላት በልባችን ይመላለስ ነበር።

አጠገባቸው የተቀመጡት ሼህ በእርጋታ መለሱላቸው። «ማር ፈውስ እንዳለበት በቁርኣን ተነግሮናል፤ ስኳር ለታመመ ሰው ግን ሐኪም ይከለክለዋል። ጉድለቱ የማሩ አይደለም። ሐላል መሆኑ ለሁሉ ነው፤ መስማማቱ ግን እንደየሰው ገላ ነው» አሉ። ቀጥለውም ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የበረሃ እንሽላሊት ሥጋ በቀረበላቸው ጊዜ በአገራቸው የተለመደ ባለመሆኑ እጃቸውን እንደሰበሰቡ፣ ሐራም ነው ግን እንዳላሉ፣ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድም (ረ.ዐ.) በፊታቸው እንደበላው አወሱ። «ምግብን ሳያነውሩ መተው ራሱ ከሱና ነው። ይህች ልጅ ያደረገችው ይህንኑ ነው» ብለው ወደ እሷ ተመለከቱ። ልጃችን አንገቷን ደፋች፤ ፈገግታዋን ግን አልደበቀችም። ጭሮ ላይ የተናገረችውን ንግግር ከዚያች ቀን ወዲህ አልደገመችውም።

ውድ አንባቢያን፣ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ቤተሰብ ቢኖር ይጠቅመው እንደሆነ ብለን ከጉዟችን የቀሰምነውን እናካፍላለን። ልጃችሁ ይህ በሽታ አለበት ብላችሁ ብትጠረጥሩ ከምርመራው በፊት ስንዴውን አታስቁሙ፤ ካቆመ ምርመራው በሽታውን ሊያሳይ አይችልም። አንዱ ልጅ ከተገኘበት በሽታው በዘር ስለሚተላለፍ ወላጆችና ወንድም እህት ይመርመሩ። ጤፉን ራሳችሁ ለቅማችሁ አስፈጩ። ወፍጮው ስንዴ ሲፈጭበት የዋለ ከሆነ በማለዳ ሂዱና አስቀድሞ ጥቂት በቆሎ እንዲያልፍበት ለምኑ፤ ያ የበቆሎ ዱቄት ለእሷ አይሁን። እርሾው፣ ቡሃቃውና የዳቦ መቁረጫው ይለዩ። በአገራችን አጃ በሚለው ስም አንዳንዱ የስንዴን ዘመድ፣ ሌላው ደግሞ የፈረንጁን ኦት ይጠራበታል። ሁለተኛውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴ ጋር ስለሚነካካ ያለ ሐኪም ምክር አትስጡ። ጤፍ ለተወደደበት ቤት ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ምስርና ባቄላ አሉ፤ በሣጥን የሚመጣው የውጭ ምግብ የግድ አይደለም። ከቤት ውጭ ስትበሉም ሰው ሳይበዛ ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ ያን ጊዜ ወጥ ቤቷ ለመልስ ጊዜ ይኖራታል። ከሁሉ በላይ ልጁ ራሱ በአክብሮት መናገርን ይልመድ፤ አንድ ቀን ወላጁ በሌለበት ማዕድ ይቀርብለታልና።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ልንሰናበት ስንነሣ አክስታችን በነጭ ጨርቅ የታሰረ የሽምብራ ቆሎ ለልጃችን ሰጧት። «ብረት ምጣዱን አጥቤ፣ ለብቻው ነው የቆላሁት» አሏት። በሩ ላይ ደርሰን ሳለ መልሰው ጠሯት፤ «በሚመጣው ሸዋል ላንቺ ብቻ የሚሆን አዲስ ቡሃቃ እገዛለሁ። ማሽላ አቦካልሻለሁ። ታዲያ እንዳትቀሪ» አሏት።

ድርቆሻችን ሐረርን አይቶ ግማሹ ተመለሰ። አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን፤ እንግዳ የሚቀበሉትንም እጆች ይባርክ። አሚን።