ላምም አራስ ናት

አንባቢ ሆይ፤ በአዊ አገር፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ አንዲት የምትታለብ ላም ያላት እናት ከወተቱና ከቅቤው በምታገኘው ገንዘብ ልጇን ደብተር ገዝታ እንደምታስተምር ታውቃለህ። ምናልባት አንተም ዛሬ ከቢሮ ወንበር ተቀምጠህ ይህን የምታነበው በእንዲህ ያለች ላም ውለታ ይሆናል። ስለዚህ የላሟ ጤና ያንተም ጉዳይ ነውና ጥቂት ታገሠኝ።

ዘጠኝ ወር ሙሉ ደኅና የከረመች ላም በወለደች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ግቷ ያብጣል፤ ወይም የእንግዴ ልጁ ሳይወርድ ቀርቶ ይሸታል። በሰፈራችን እንዲህ ሲሆን «ዓይን በላት» ሲባል እየሰማሁ አደግሁ። ጎረቤት ጥጃውን ሊያይ በሚመጣበት ሰሞን መታመሟ ነውና አባባሉ ያለ ምክንያት አልተነሣም። ነገር ግን ነገሩ ያለው ከጎረቤት ዓይን ሳይሆን ከላሟ ደም ውስጥ ነው።

በደሟ ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚባሉ ዘበኞች አሉ። ከነሱም ፈጥኖ ደራሹ ኒውትሮፊል ይባላል፤ የበሽታ ተሐዋስያንን ካሉበት ደርሶ ውጦ ይገድላቸዋል። ላም ስታረግዝ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን የማኅፀኗን ዘበኞች ያለዝባቸዋል፤ ጥጃው በግማሹ የኮርማው ወገን ነውና እንደ ባዕድ ተቆጥሮ እንዳይጠቃ ነው። መውለጃዋ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፤ ኤስትሮጅን ያሻቅባል፤ ኮርቲሶልም ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ መለዋወጥ ዘበኞቹን ያዳክማል። በተለይም ኮርቲሶል፣ ኒውትሮፊል የደም ሥሩን ግድግዳ ይዞ የሚወጣበትን መንጠቆ ያስጥለዋል። ስለዚህ ዘበኛው በደም ሥር ውስጥ ይመላለሳል እንጂ ከሚፈለግበት ከግቷና ከማኅፀኗ በጊዜው አይደርስም።

የእንግዴ ልጁን ለማላቀቅ የሚረዱትም እነዚሁ ሕዋሳት ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ኪሙራና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ያወጡት ጥናት፣ የእንግዴ ልጅ የቀረባቸው ላሞች ኒውትሮፊል ገና ሳይወልዱ ደክሞ እንደ ነበረ አሳይቷል።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ሆርሞኑን ልታዝዘው አትችልም፤ በሩ ያለ ዘበኛ በሚያድርበት ሰሞን ግን አንተ ልትጠብቅላት ትችላለህ። ከመውለዷ በፊት ሦስት ሳምንት፣ ከወለደችም በኋላ ሦስት ሳምንት፣ በእንጅባራ የክረምት ጭቃ ላይ አታሳድራት፤ ደረቅ ጭድ አንጥፍላት። መኖዋን አታጓድል። እጅህንና ግቷን ሳታጥብ አትለባት። የእንግዴ ልጁ እስከ 24 ሰዓት ካልወረደ የእንስሳት ሐኪም ጥራ እንጂ አትጎትተው፤ ክብደትም አታንጠልጥልበት። እንገሩንም ለጎረቤት ከማካፈልህ በፊት ለጥጃው አስቀድም፤ የበሽታ መከላከያውን የሚያገኘው ከእንገር ነውና፤ አንጀቱም ይህን የሚቀበለው በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው።

ይህን ለእናትህ ስትነግራት ሆርሞን የሚለውን ቃል ብትተወው ግድ የለም። «ላምም አራስ ናት» በላት። አራስ እንዴት እንደምትጠበቅ እሷ ካንተ ይልቅ ታውቃለች።