ያራዳው ደወል

አንተ ያራዳው ደወል፣ ወዴት ቀረህብኝ? ጆሮዬ ሌሊት ሌሊት ይነቃል፤ ነቅቶም አንተኑ ይጠብቃል። የሚሰማው ግን ዳገት የሚገፋ ሲኖትራክ ነው።

ዶሮ ማነቂያ ሳለን ማን ሰዓት ያይ ነበር? ለማኅሌት ስትጣራ እናቴ በጨለማው ነጠላዋን ትዳብሳለች፤ ለኪዳን ስትደግም እኛ ብርድ ልብሱን እንሻማለን፤ የቅዳሴው ሲሆን ግቢው ሁሉ ተነሥቷል፣ የቡናው ጭስም ከቆርቆሮው ሥር እየወጣ ነው። አንዳንዴ የኑር መስጊድ አዛንና አንተ ተከታትላችሁ ትመጡ ነበር፤ የአንዱ ቤት ሰው የሌላውን ጥሪ ሰምቶ ይነሣ ነበር። ሞንታርቦ ያኔ እንደዛሬው አልበረታም። አንተ ያለ መብራት ኃይል፣ በገመድና በዲያቆን ክንድ፣ ሽቅብም ቁልቁልም ትበቃን ነበር።

ደብርህ ጊዮርጊስ ብዙ አይቷል። ዓድዋ ላይ በ1888 ድል የሆነው የካቲት 23፣ በጊዮርጊስ ቀን ነው፤ ስምንት ማዕዘኑ ሕንፃም የዚያ ድል መታሰቢያ ነው። ዘውዲቱም ጃንሆይም የነገሡት እዚያው ነው። በ1929 ፋሺስት አቃጠለው፤ ታደሰ፣ ቆመ። እሳት ያልነቀለህ ደወል ሆይ፣ አንተማ ዛሬም አለህ። የተነቀልነው ጆሮዎችህ ነን።

በ2016 ሰፈሩ ሲነሣ ግድግዳችንን በሜትር ለኩት፤ በርና መስኮቱን ቆጠሩት። ካርታ ያለው በካርታው፣ የቀበሌ ቤት ተከራይም በውሉ ተስተናገደ። የአንተ ድምፅ በየትኛው መዝገብ ይግባ? ምትክ ተብሎ በምን ይለካ? አዲሱ ቤት ቧንቧ አለው፣ ሽንት ቤቱም የብቻ ነው፤ ይህን አልክድም፤ እናቴ ብታየው እልል ትል ነበር። ማለዳ ግን ማን ይቀሰቅሳት ነበር?

ወር በገባ በ23 እመጣለሁ። ታክሲ ስቀያይር፣ ሰልፍ ስጠብቅ፣ አንተ ደውለህ ጨርሰህ፣ ሕዝቡ ጠበል ጠጥቶ ሲበተን እደርሳለሁ። አጥርህን ተሳልሜ በዚያው እመለሳለሁ። አይ አንተ! ትንሽ ብትቆየኝ ምን ነበረበት?

የጓሮ ጎረቤታችን እትዬ ሰሞኑን አረፉ። የሰማሁት በስልክ ነው፣ ከተቀበሩ በኋላ። እድራችን ከሰፈሩ ጋር ተበትኗል፤ ጡሩንባ ነፊው የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም። ሄጄ ደጃፋቸው ላይ እንዳላለቅስ ደጃፉ የለም። ልጃቸው የደረሳት ቤት ደግሞ በሌላኛው የከተማ ጫፍ ነው፤ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ እንኳ ገና ጠይቄ ነው የምደርሰው።