የአንበሳው ጢም

ሚስቱ የሞተችበትን ሰው አግብቼ ወደ ቤቱ በገባሁ ጊዜ ልጁ የሰባት ዓመት ነበረ። ያቀረብሁለትን አይበላም፥ ብጠራው አይመልስም። ምሬቴን ለአክስቴ ባዋያቸው ምክር በመስጠት ፈንታ ተረት ነገሩኝ።

አንዲት የእንጀራ እናት ልጁ ቢጠላት ወደ አንድ ጠቢብ ሽማግሌ ሄዳ የፍቅር መድኃኒት ለመነችው። እርሱም «ከሕያው አንበሳ ጢም ነቅለሽ አምጪልኝ» አላት። በየቀኑ ሥጋ እያኖረችለት፥ ጥቂት በጥቂት እየቀረበችው፥ በመጨረሻ ነቀለች። ሽማግሌው ግን መድኃኒት አልሠራላትም፤ «ወደ ልጁም እንዲሁ ቅረቢ» ብሎ ሰደዳት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ይህንኑ ተረት በኮርያ ሰዎች ዘንድ አገኘሁት። የኛውም የእነርሱም በ1959 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በሁለት ልዩ ልዩ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ታትመዋል። ኮርያ የአንበሳ አገር አይደለምና አውሬው ባለ መስመር ነብር ነው፤ ሴቲቱም የምትጨነቀው ከጦርነት ተመልሶ ጠባዩ ስለ ተለወጠ ባልዋ ነው። መናኙ ጢሙን ተቀብሎ እሳት ውስጥ ጣለው። ያን ያህል የደከመችበትን! አንባቢዎቼ ይፍረዱኝ፤ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ተቆጣሁ።

ተረት በመንገደኛ አፍ ከአገር ወደ አገር ይሻገራል የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ እውነትም ይሆናል። ለእኔ ግን ልቡ የተጎዳ ሰው በኮርያም በኛም አገር እንደ አውሬ መራቁና ማስፈራቱ ብቻውን የሚበቃ ምክንያት ይመስለኛል።

የኮርያይቱ ሴት ወራት ፈጀባት። አክስቴ የኛይቱን ቀን አልቈጠሩልኝም። ልጄ «እማዬ» ብሎ የጠራኝ በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ያውም ታሞ ተኝቶ ውሃ ሲለምነኝ።