ተበዳይ ሳይጠየቅ

በልጅነቴ በዋግ፣ ጋዝጊብላ ወረዳ ውስጥ ሰው ሲገደል ሽማግሌ ይገባ ነበር። የገዳይ ወገን ከሟች ደጃፍ ዝም ብሎ አይደርስም፤ አማላጅ ይልካል፣ ይመለስበታል፣ ደግሞ ይልካል። የሟች እናት «አልሰማም» ካለች ነገሩ ለከርሞ ያድራል። በመጨረሻ ገዳዩ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ከሟች ወንድም እግር ሥር ሲወድቅ አይቻለሁ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ካሣው የተቆረጠው ከዚያ በኋላ፣ አገር እያየ ነው።

ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በዕለተ ገና፣ የእነ አቶ ስብሐት ነጋ፣ የእነ አቶ ጃዋር መሐመድና የእነ አቶ እስክንድር ነጋ ክስ መቋረጡ ተነገረ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ወገናችን ያን ጊዜ ሰቆጣ ተጠልሎ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ልጁን የቀበረ አባት ወሬውን እንደማንኛውም ሰው ከሬዲዮ ሰማ። አዋጅ ቁጥር 943/2008 ክስ የማንሣት ሥልጣን ለዐቃቤ ሕግ ይሰጣል፤ ጉዳዩ የአገር ጥቅም ሲነካ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ያማክራል። ያን አባት ያማከረው ግን የለም። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላም፣ በመጋቢት 2015፣ የሌሎች የሕወሓት መሪዎች ክስ ተነሣ። ጦርነቱ በድርድር መቆሙን የዋግ ሰው አጥብቆ ይፈልገው ነበር፤ ቅሬታዬ እሱ አይደለም። ፍየል የሰረቀ ጎረምሳ ፍርዱን ሲቆጥር፣ ለአገር ጥቅም ተብሎ ክሱ የሚነሣለት ባለ ስም ብቻ መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ።

የድሮውንም አላሞግስም። ልጃገረድ ስትጠለፍ ሽማግሌ የሚጨርሰው ከአባቷና ከወንድሞቿ ጋር ነበር። እሷ ጓዳ ተቀምጣ ትሰማለች። ከብት ይነዳል፣ ጠላፊዋ ባሏ ይሆናል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ጋብቻው ከጸና ጠላፊውን ከቅጣት ያድነው ነበር።

ከ1997 ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ያን ማምለጫ ዘግቷል። ዛሬ ልጅቱ ራሷ ፖሊስ ጣቢያ ገብታ ቃሏን መስጠት ትችላለች። ይህ አያቶቻችን ያልሰጡን ትልቅ ትርፍ ነው፤ በሽማግሌ ፊት አፍ ያልነበራት በሕግ ፊት አፍ አገኘች። አፍ የነበራት የሟች እናት ደግሞ አጣች።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል በምሕረትም በይቅርታም እንደማይታለፍ ይደነግጋል። በሚያዝያ 2016 ደግሞ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቋል። እንግዲያው ፖሊሲውን የሚያስፈጽሙት እስከ ጋዝጊብላዋ ከተማ እስከ አስከተማ ይምጡ፤ ከማንም ጋር ከመስማማታቸው በፊት የሟች ቤተሰቦችን አስቀምጠው ቃላቸውን ይቀበሉ።