የአያቴ ሰንጢ

አንባቢ ሆይ፥ በቤትዎ ውስጥ ከአያት የተረፈ አሮጌ ሰንጢ ካለ፥ እባክዎ ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ ለቢላዋ ሞራጅ አይስጡት። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእኛ ቤት አንድ ሰንጢ አጎቴንና አክስቴን ሁለት ዓመት ሙሉ አኳርፏቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ በቅሎ እየነዱ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ቡና ያመላልሱ የነበሩ ሰው ናቸው። ሰንጢያቸው በውርስ ለእኔ ደረሰ። አጎቴ፥ «ይህ አባቴ ከጣሊያን መኮንን ኪስ ያወጡት ምርኮ ነው፤ የአርበኛ ዕቃ ለታላቅ ልጅ እንጂ ለልጅ ልጅ አይገባም» ይላሉ። አክስቴ ደግሞ፥ «ምን ምርኮ አለ! ጋምቤላ ከግሪኮቹ ሱቅ በቡናው ዋጋ የገዙት ነው» ይላሉ። ላይ ላዩን ሲያዩት የሰንጢ ጠብ ይመስላል፤ ውስጡ ግን አባታቸው ማን ነበሩ የሚል ክርክር ነው። (አጎቴ የበቅሎ ነጂ ልጅ መባልን ለምን እንደሚጠሉት እኔ ዛሬም አይገባኝም። ያን ቁልቁለት በክረምት ጭቃ በቅሎ ይዞ የወረደ ሰው የሚያሳፍር አይደለም።)

የግሪክ ሱቅ በጋምቤላ ምን ይሠራል የሚሉኝ ወጣት አንባቢዎች አይጠፉም። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ በተዋዋሉት የወሰን ውል፥ በባሮ ዳር ስፋቱ ከ400 ሄክታር፥ በወንዙ በኩል ያለው ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተፈቅዶ ነበር። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ የደጋውን ቡና ይጭኑ ነበር፤ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎችም በከተማዪቱ ሰፍረው ይነግዱ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የውሉም ዘመን አበቃ። ዛሬ በከተማው መሃል «ወደብ» ብለው ቢጠይቁ፥ ልጁ የሚያስበው ጅቡቲን ነው።

አሁን ወደ ሰንጢው። የሠሪው ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚታተመው ስለቱ ከእጀታው ጋራ በሚጋጠምበት ሥር ላይ ነው። ዝገቱን በጥቂት ዘይትና በጨርቅ ብቻ አባበልሁት፤ በአሸዋ ወረቀት መፈተግ ጽሑፉን ይፍቀዋልና ይጠንቀቁ። ከዚያ መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን አድርጌ በእጅ ስልኬ ፎቶግራፍ አነሣሁትና አጎላሁት። ኮከብና መስቀል ታየኝ። ቀጥሎ «ጆሴፍ ሮጀርስ» የሚል ስም፥ ቀጥሎ «ሼፊልድ፥ እንግላንድ»፥ ከላይ ደግሞ በዘውድ ግራና ቀኝ ጂ እና አር የሚባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት።

ሼፊልድ ለብዙ መቶ ዓመታት በቢላዋ ሥራ የታወቀች የእንግሊዝ ከተማ ናት፤ ኮከብና መስቀሉም የሮጀርስ ቤት ምልክት ነው። ስመ ጥር ምልክት ስለ ሆነ አስመሳዮች አላጡትምና፥ ስሙንና ምልክቱን አንድ ላይ ማየት ይገባል። ሁለቱ ፊደላት «ንጉሥ ጆርጅ» ማለት ናቸው። አምስተኛው ጆርጅ የነገሠው በ1910፥ ስድስተኛው ጆርጅ የሞተው በ1952 ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር። ከእነርሱ በፊት የነበሩት ጆርጆች ዘመን በ1830 አልቋል፤ የአገር ስም በዕቃ ላይ ማተም የተለመደው ደግሞ አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ የተነሣ ነው። ስለዚህ ሰንጢው በእነዚያ 42 ዓመታት ውስጥ ተሠርቷል። ዝገቱ ግን ምንም አልነገረኝም፤ የማይዝገው ብረት በዚያችው በሼፊልድ በሃሪ ብሬርሊ እጅ በ1913 ከወጣ በኋላም የሚዝገው መሠራቱን አልተወም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ባስረዳ፥ «ታዲያ ጣሊያን ጋምቤላን ይዞ አልነበረም? እንግሊዞች ትተውት የሄዱትን ዕቃ ዘርፎ ይሆናላ!» አሉኝ። መልሱ ጥሩ ነበር። ጣሊያን እስከ 1933 ዓ.ም. በከተማዪቱ ነበረ፤ 42ቱ ዓመታትም የአጎቴንም የአክስቴንም ነገር እኩል ይችላሉ። ማኅተም የሚናገረው ስለ ሠሪው ነው፤ ዕቃው በማን እጅ እንደ ዞረ አይናገርም።

ስለ እጅ የሚናገረው ድካሙ ነው። ሰንጢው ከስለቱ ሌላ የሚታጠፍ ወስፌ አለው። ስለቱ ብዙም አልተሞረደም፤ ወስፌው ግን ጫፉ አልቆ አጥሯል፥ አውራ ጣት የሚያርፍበት የቀንድ እጀታም ጎድጉዷል። በወስፌ እንዲህ የደከመ ሰው ቆዳ ሲበሳ የኖረ ሰው ነው፤ ቆዳውም የበቅሎ መጫኛ መሆን አለበት። በየት በኩል እንደ ተገኘ ልማል አልችልም። እኔ ግን ወደ አክስቴ አደላለሁ።

ሰንጢውን ከፍቼ ለአጎቴ ሰጠኋቸው። ስለቱን አላዩትም። አውራ ጣታቸውን በጎድጓዳው ላይ አሳረፉና ልክ ገባላቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ «አባቴ መጫኛ ሲጠግኑ ያፏጩ ነበር» አሉ፤ በዚያው ሳምንትም ወደ አክስቴ ቤት ሄዱ።