ጋሻው ወይስ ፉከራው?

በዶርማችን ከራት በኋላ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ፥ አንባቢም ሳይሰማው የማይቀር፥ «የኮምፒውተር ቫይረስ እንዲበዛ የሚያደርገው ጸረ-ቫይረሱ ራሱ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ወንድሞችና እኅቶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «መድኀኒት ሻጮቹ በሽታውን ራሳቸው ሠርተው ይበትኑታል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ረጋ ያለ ነው፤ «እነርሱ ባይሠሩት እንኳ፥ አጥሩን ከፍ ባደረጉት ቍጥር መዝለል የሚወደውን ሰው ያስጐመጁታል» ይላል። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነንና በማሽኑ ነገር ሊቅ ነን አንልም፤ ዳሩ ግን ጥያቄው ከማሽኑ ይልቅ የሰውን ጠባይ የሚመለከት ስለ መሰለን፥ ታሪኩን መርምረን የደረስንበትን ለማቅረብ ደፈርን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን የመጀመሪያውን ወገን እንስማ። ታሪክ የሚነግረን በሽታው ከመድኀኒቱ መቅደሙን ነው። በ1971 ቦብ ቶማስ የተባለ አሜሪካዊ፥ በመገናኛ መስመር ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው እየተዛወረ «እስቲ ያዙኝ» እያለ የሚያፌዝ «ክሪፐር» የተባለ ፕሮግራም ሠራ፤ እርሱን እያሳደደ የሚደመስሰው «ሪፐር» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1986 ደግሞ በፓኪስታን፥ በላሆር ከተማ፥ ሁለት ወንድማማቾች «ብሬይን» የተባለውን የፍሎፒ ዲስክ ቫይረስ አወጡ፤ ስማቸውን፥ አድራሻቸውንና የስልክ ቍጥራቸውን ሳይቀር በውስጡ ጻፉበት። የጸረ-ቫይረስ ንግድ ሱቁን የከፈተው ከዚህ በኋላ፥ በ1987 ገደማ ነው። ልጅ አባቱን ወለደ ካላልን በቀር፥ ነጋዴው የበሽታው አባት ነው ማለት አይቻልም።

ማንነታቸው የታወቀውን ሠሪዎች ብንመለከትም ያው ነው። በ1988 ኢንተርኔትን ያንገዳገደውን ፕሮግራም የለቀቀው ሮበርት ሞሪስ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በ1999 «ሜሊሳ»ን የለቀቀው ሰው በኒው ጀርሲ የሚኖር ፕሮግራም ሠሪ ነበር። በ2000 የፍቅር ደብዳቤ መስሎ ዓለምን ያመሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ የወጣው ከማኒላ፥ የኮምፒውተር ኮሌጅ ተማሪ ከነበረ ወጣት እጅ ነው። በእነዚህ መካከል መድኀኒት ሻጭ የለም። ይልቁንም፥ ሳናፍር እንናገረውና፥ የሚበዛው እንደ እኛው የተማሪ ቤት ሰው ነው።

የሁለተኛው ወገን ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ጸረ-ቫይረስ በቀድሞ አሠራሩ እንደ ኬላ ጠባቂ ነው፤ የታወቁትን ወንጀለኞች መልክ በመዝገብ ይዞ፥ የሚያልፈውን ፋይል ሁሉ ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። በ1990 ማርክ ዋሽበርን የተባለ አሜሪካዊ ይህ ጥበቃ እንደማይበቃ ለማሳየት ሲል፥ በተራባ ቍጥር መልኩን የሚለዋውጥ ቫይረስ ሠራ። በዚያው ዘመን በቡልጋሪያ «ዳርክ አቬንጀር» በሚል የብዕር ስም የተሸሸገ ሰው፥ ከቫይረሶቹ በአንደኛው ውስጥ የአገሩን ልጅ፥ የጸረ-ቫይረስ ተመራማሪውን የቬሴሊን ቦንቼቭን ስም፥ የሥራው ባለቤት አስመስሎ ጻፈበት። ይህ እንግዲህ ጠባቂውን በስሙ ጠርቶ መስደብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን የታይዋኑ ተማሪ የቼን ኢንግ-ሃው ታሪክ ነው። ይህ ወጣት በታይፔ፥ በታቱንግ ሲማር ሳለ፥ በ1998 ከስሙ መነሻ ፊደላት «ሲ አይ ኤች» የተባለውን ቫይረስ ሠራ። ቫይረሱ አንድ ሺህ ባይት ያህል ብቻ ነበር፤ በፕሮግራሞች ውስጥ ባሉት ባዶ ቦታዎች ተቈራርጦ ስለሚሸሸግ፥ የገባበት ፋይል መጠኑ እንኳ አይጨምርም ነበር። ኤፕሪል 26 ቀን 1999 በደረሰ ጊዜ፥ በእስያና በሌላውም ዓለም በእጅጉ የበዙ ኮምፒውተሮች በውስጣቸው ያለው ጽሑፍ ጠፋ፤ አንዳንዶቹማ የመነሻ ፕሮግራማቸው ስለ ተደመሰሰ ጨርሶ አልነሣ አሉ። ቼን ምክንያቱን በተጠየቀ ጊዜ የሰጠው መልስ የጸረ-ቫይረስ ነጋዴዎች ስለ ዕቃቸው የሚናገሩትን ትልቅ ቃል ሐሰት መሆኑን ለማሳየት መፈለጉን የሚገልጽ ነበር። ኋላም ይቅርታ ጠይቆ ማጥፊያውን ፕሮግራም አቀረበ።

እንግዲህ ሁለተኛው ወገን «ይኸውላችሁ!» ማለቱ አይቀርም። እኛ ግን በቋንቋችን ሰበብና ምክንያት ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት መሆናቸውን እናሳስባለን። በ1998 ጸረ-ቫይረስ በየአገሩ ይሸጥ ነበር፤ ማስታወቂያውንም ቍጥር ስፍር የሌለው ተማሪ ያነበው ነበር፤ ታዲያ እነዚያ ሁሉ ቫይረስ አልጻፉም። የቤቱ አጥር ሌባውን ብልህ ያደርገው ይሆናል እንጂ፥ ሰላማዊውን መንገደኛ ሌባ አያደርገውም። በቼን ዘንድ ጸረ-ቫይረሱ ሰበብ ነበር። ምክንያቱ ከራሱ ዘንድ ነበር።

ነገር ግን አንድ የምናምንለት ቁም ነገር አለ። ቼንን ያስቈጣው ጥበቃው ሳይሆን የጥበቃው ፉከራ ነው። በአገራችን ጋሻና ፉከራ በአንድ ሰው ላይ ቢገኙም፥ ሥራቸው የተለያየ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ጋሻው ይመክታል፤ ፉከራው ግን ባላንጣ ይጠራል። ፍሬድ ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ በ1984 ባቀረበው ጽሑፍ፥ ማናቸውንም ቫይረስ ሁሉ ያለ ስሕተት ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ሊኖር እንደማይችል በሒሳብ አስረድቷል። እንደዚህ ከሆነ፥ «የእኛን የገዛ ከማናቸውም ቫይረስ ፍጹም ይጠበቃል» የሚል ነጋዴ ሁለት ጥፋት ያጠፋል ማለት ነው፤ ገዢውን ያዘናጋል፤ በትዕቢት የሚፈተነውንም ወጣት ወደ ሜዳ ይጋብዛል።

ከዚህም ሌላ፥ የክርክሩ ዘመን ራሱ ተለውጧል። በቀድሞው ጊዜ ቫይረስ የሚጻፈው ለዝና፥ ለጨዋታ ወይም ለቍጣ ነበር፤ ከ2003 ገደማ ወዲህ ግን ዋናው ነገር ገንዘብ ሆኗል። በሜይ 2017 «ዋና ክራይ» የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች የሰዎችን ፋይል ቈልፎ፥ ለመክፈቻው 300 ዶላር ይጠይቅ ጀመር፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኛ እስከ መመለስ ደረሱ። ይህ ቫይረስ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፥ በማርች፥ የሚደፍን ማስተካከያ አውጥቶለት ነበር። በዚህ ጊዜ ሌባውን የጋበዘው መድኀኒቱ አልነበረም፤ የቀረበው መድኀኒት አለመወሰዱ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

«ታዲያ ቍጥሩ ለምን በዛ?» ይሉን ይሆናል። በጀርመን አገር ያለው ኤቪ-ቴስት የተባለው ድርጅት በየቀኑ ከ450,000 በላይ አዳዲስ ጎጂ ፕሮግራሞችን እንደሚመዘግብ ይናገራል። ቍጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ይህን ያህል ሌባ በየቀኑ ይወለዳል ማለት አይደለም። ጠባቂው የትናንቱን መልክ ስለሚያውቅ፥ ያው የትናንቱ ሌባ ካባውን ለውጦ ይመጣል፤ ካባውን የሚለውጥለትም ሌላ ፕሮግራም ነው። እዚህ ላይ ለተቃራኒዎቻችን ፍርዱን እንሰጣቸዋለን፤ ጸረ-ቫይረስ በእርግጥ የቫይረሱን መልክ ያበዛል። የሠሪዎቹን ብዛት ግን የሚወስነው የሚገኘው ገንዘብና የሚገኘው ክፍት በር ነው።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ክርክሩን ለማሸነፍ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከትምህርት ክፍላችን አንዲት እኅት ለመመረቂያ ጽሑፏ ሦስት ወር ሙሉ ከሽማግሌዎች ቃል የሰበሰበችውን ተረት በአንድ ፍላሽ ይዛ ትዞር ነበር። ፍላሹን ከዶርም ጎረቤቷ ላፕቶፕ ላይ ሰካችው፤ ጎረቤቷም «ጸረ-ቫይረስ ቫይረስ ይጠራል» በሚል ሃይማኖት ምንም ሳትጭን የምትኖር ነበረች። በማግሥቱ በፎቶ ኮፒ ቤት ሲከፈት፥ በፎልደሮቹ ፈንታ ሾርትከቶች ብቻ ታዩ። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ ብዙ ጊዜ ፋይሉን ይሸሽገዋል እንጂ አያጠፋውም፤ እኅታችን ግን ይህን የሚነግራት ሳታገኝ፥ አንዱ «ፎርማት ይደረግ» ብሎ ፎርማት አደረገው። ተረቶቹ የጠፉት ያኔ ነው። ዳግመኛ ወደ ገጠር ስትወርድ፥ ከተረኩላት ሽማግሌዎች አንደኛው በሕይወት አልነበሩም።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ በክርክሩ ያሸነፈችው ጎረቤቷ ነበረች፤ የከሰረችው ግን በክርክሩ ያልነበረች ሴት ናት። ቫይረስን ከሌላው ክፋት የሚለየው ይህ ነው፤ ቸልተኛው ሰው ብቻውን አይታመምም። «ነጋዴዎቹ ናቸው የሚያመጡት» የሚለው ወሬ እውነት ቢሆን እንኳ፥ በሩን ክፍት ለመተው ምክንያት አይሆንም ነበር፤ ቍልፍ ሠሪውን የጠረጠረ ሰው ቤቱን ሳይዘጋ አያድርምና።

ስለዚህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው። ጋሻውን እንያዝ፤ ፉከራውን እንጣል። ማስተካከያ ሲመጣ ሳናሳድር እንጫን፤ ጽሑፋችንን በሁለት በሦስት ቦታ እናስቀምጥ፤ ፍላሽ ከመክፈታችን በፊት እናስፈትሽ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። ፍጹም ጥበቃ አለን ለሚለን ነጋዴ ጆሮ አንስጥ። ከመካከላችን በፕሮግራም ጥበብ የተካነ ጓደኛ ካለም፥ ጠባቂው ሲፎክር ሰምቶ እጁ ቢበላው፥ ድካሙን የሚቀበለው ነጋዴው ሳይሆን የማያውቃት እኅቱ መሆኗን ያስብ። የደካማውን አጥር ቀዳዳ አይቶ ለባለቤቱ በስውር መንገር ከመዝለል ያላነሰ ችሎታ ይጠይቃል።

በዚህ የማይስማማ ጓደኛ ቢኖር ብዕሩን ያንሣ፤ በሚቀጥለው እትም መልሱን በደስታ እናነባለን።