ሰሊሆምና ቀይ አፈር

ይድረስ ለውድ ልጄ፤ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ጤና ጣቢያ ለምትሄጂው።

አባትሽ መምከር ከጀመረ እንደማያባራ ታውቂያለሽ። ዛሬ የያዘው ግን አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ዮሐንስ 9።

ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው አይተው ጥፋቱ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ይጠይቃሉ። ሰውየው አያይም እንጂ ይሰማል! ጌታም የማንኛቸውም አይደለም ብሎ የእግዚአብሔርን ሥራ መገለጥ ያነሣል። አባትሽን ለዓመታት የቆረቆረው ይህ ነው፤ ታዲያ ሰው ለማሳያ ተብሎ በጨለማ ይወለዳል? የጥንቱ የግሪክኛ ጽሑፍ የዛሬው ዓይነት ነጥብ አልነበረውም። ስለዚህ አንዳንድ ተርጓሚዎች ዐረፍተ ነገሩን «አይደለም» ላይ ዘግተው ቀሪውን ከሚቀጥለው ቁጥር ጋር ያገናኙታል፤ ያኔ የእግዚአብሔር ሥራ እንዲገለጥ ቀን ሳለ እንሥራ ማለት ይሆናል። አባትሽ የግሪክ ሰዋስው አያውቅም፤ ልቡ ግን ወደዚህኛው ያደላል።

አክስቱን ያስታውሳላ። ከጉልበቷ በታች እንደ ግንድ ያበጠውን እግር በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍነው ነበር። ድግስ ላይ በሩ ሥር ለብቻዋ ትቀመጣለች፤ ጠላ የሚቀዳላትም ለእሷ በተለየ ጣሳ ነው። «እርግማን ነው፣ የዘር ነው» ሲሉ ድምፁን ዝቅ ያደረገ አልነበረም።

የያዛት የደጋው ዝሆኔ ነበር፤ እሱ በትንኝ አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1970ዎቹ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ አጥንቶ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ዛሬም በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይዞታል። በቤተሰብ መደጋገሙ እውነት ነው፤ የሚወረሰው ግን ለአፈሩ ተጋላጭነት እንጂ ጥፋት አይደለም። ጫማ መግዣ ያጣን ሰው ፍርድ ከሰማይ ወረደበት ማለት ለአባትሽ ግፍ ነው።

ዕውሩ የተላከው በሰሊሆም መጠመቂያ እንዲታጠብ ነበር። የአንቺም ሥራ ከማጠብ ይጀምራል። አንዷ እናት «ምን በድዬ ነው?» ብላ ብትጠይቅሽ ለመመለስ አትቸኩዪ። ሳፋውን አቅርቢላት፣ እግሯን በሳሙና እጠቢያት፣ በጣቶቿ መካከል ያለውን እርጥበት ቀስ ብለሽ አድርቂ፣ ቫዝሊን ቀቢያት። ካልሲና ጫማው ከዚያ ይከተላል።

አባትሽ ሁለት የብረት ሳፋ ከዕቃሽ ጋር አስሮልሻል። አንደኛው ጠርዙ ላይ ትንሽ ተጨርምቷል፤ ውሃ ግን አያፈስም።

አባትሽ